«እሜቴ ደረጃውን እየወረዱ ነው!» ላልኩበት መልስ ዜሮ ለሰጡኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የቋንቋ ምዘናና የፈቃድ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ ከጤንነትዎም ውስጥ በተለይ የቀኝ እግርዎን ቁርጭምጭሚት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወለምታው ለቅቆዎት፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ወደ ቢሮዎ የሚያደርሱትን አርባ ሁለት ደረጃዎች ያለ ምርኩዝ መውጣት እንደቻሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ለሁለት ፈተናና ለአንድ አቤቱታ ስመላለስባቸው ስለኖርኩ ለታመመ እግር ቀርቶ ለደህናውም እንደማይመቹ አውቃለሁ። አንድ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ የባለሥልጣንን ቁርጭምጭሚት ከየት አወቀው ብለው እንዳይደነቁ፣ ምክንያቱን ወደ ታች በተራ ቁጥር እገልጻለሁ።

እኔ በከተማው ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ የምተኩስ፣ ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል የሆነ፣ ከአገሬ ርቄ የምኖር ሰው ነኝ። በአራት ዓመት ትምህርት እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዴት ተጻፈ የሚል ጥርጣሬ ቢያድርብዎ፣ አጎቴ በፍርድ ቤት በር ተቀምጠው ለባለጉዳዮች ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ እኔም ረቂቃቸውን በንጹሕ ወረቀት ላይ ስገለብጥ ሦስት ዓመት ቆይቻለሁ። አጎቴ፣ «ለሹም ስትጽፍ ንዴትህን ሁሉ ምስጋና አድርገህ ጻፈው፤ በምስጋና የታሰረ ሰው እስካሁን አላየሁም» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያገኟቸው ምስጋናዎች ብዛት እንዳያስደነግጥዎ እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በክቡርነትዎ ቋንቋ ሳይሆን በራሴ ቋንቋ፣ ያውም በአገሬ ልጆች ማኅበር ወርኃዊ መጽሔት ላይ ለማውጣት መገደዴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በክቡርነትዎ ቋንቋ መማጸን፣ መራገም፣ በፍቅር መክዳትና አልጋ ላይ ሆኖ መናዘዝ አሳምሬ እችላለሁ። አቤቱታ ማቅረብ ግን አልተማርኩም፤ ቋንቋውን ባስተማረኝ ተከታታይ ድራማ ውስጥ አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው አልነበረምና።

አንደኛ፦ ቋንቋዎን ስላስተማሩኝ ሰዎች

ክቡርነትዎ በየዓመቱ በሚያወጡት ማስታወቂያ፣ ቋንቋዎ ባሕር ተሻግሮ የገነነው በመሥሪያ ቤትዎ ያልተቋረጠ ጥረት መሆኑን ይገልጻሉ። ስለዚህ ጥረት ከልብ እያመሰገንኩ፣ እናቴን ሳልጠቅስ እንዳልፍ ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። እናቴ ከዚህ አገር በአውሮፕላን የአንድ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር፣ መሥሪያ ቤትዎን የማታውቅ፣ መሥሪያ ቤትዎም የማያውቃት ሴት ናት። ስለ ሁለት ምራቶችና ስለ አንዲት ክፉ አማት የሚተርከው፣ ከዓመት ዓመት የማያልቀው ድራማችሁ በሰፈራችን መተላለፍ ሲጀምር፣ እናቴ ፊደል ስለማትቆጥር ከሥር የሚጻፈውን ትርጉም ትታ ፊታቸውንና ድምፃቸውን ብቻ ትከታተል ነበር። ወደ መቶኛው ክፍል ሲደረስ፣ ማንም ሳያስተምራትና ማንም ሳይፈትናት፣ «ልጄን መልሱልኝ»፣ «ከእንግዲህ ይህን ቤት አልረግጠውም» እና «ደብዳቤውን ማን ደበቀው» የሚሉትን በክቡርነትዎ ቋንቋ ከነቅላጼያቸው ትናገር ጀመር። ጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በታናሿ ምራት ስም ሰየመቻት። እኔም ከአገር ለመውጣት ስነሣ ከሌላው አገር ሁሉ ይህንን የመረጥኩት፣ አንድም ሰው የማላውቅበት ሆኖ ሳለ የማውቀው ቤት ስለመሰለኝ ነው። ስትሸኘኝ እናቴ፣ «እዚያ አገር ሰው ሲቆጣ ብርጭቆ ይወረውራል፤ ራት ላይ ራቅ ብለህ ተቀመጥ የኔ ልጅ» ብላ መከረችኝ። እስከ ዛሬ ብርጭቆ የወረወረብኝ ሰው የለም። ክቡርነትዎም ቢሆኑ የወረወሩብኝ ወረቀት ብቻ ነው።

አንድ ቋንቋ እንዴት እንደሚነግሥና እንዴት እንደሚሻር መመልከት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ወደ ምድር ቤታችን ወርዶ ቦይለሩን ፊት ለፊት ይየው። ከሁሉ በታች፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ቦይለሩን የሠሩት ሰዎች ቋንቋ ነው። ከእኛ መካከል ያንን ማንበብ የሚችሉት «አባባ ቧንቧ» የምንላቸው አዛውንቱ የቦይለር ሠራተኛ ብቻ ናቸው። በወጣትነታቸው ያንን ቋንቋ የማያውቅ ሰው የፋብሪካ በር አያልፍም ነበር አሉ፤ ፊልሙም፣ ዘፈኑም፣ የሐኪሙ ማዘዣም፣ ለሴት የሚላከው ደብዳቤም በዚያው ነበር። ዛሬ አባባ ቧንቧ ቋንቋውን የሚጠቀሙበት ፓምፑ ሲያስቸግራቸው ለመሳደብ ነው። «ሌላ የሚሰማኝ የለማ» ይላሉ፤ «ፓምፑ ግን ይገባዋል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው።» በብረቱ ጽሑፍ ላይ በክቡርነትዎ ቋንቋ የታተመ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ግማሹን ሸፍኖታል። በቀዩ ማስጠንቀቂያ ላይ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌላ ነገር ተለጥፏል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፦ ከምሳ አዳራሻችን ስለተነሣው ቴሌቪዥን

ከአምስት አገር የመጣን አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች ነን። እርስ በርሳችን የምንግባባበት ቋንቋ ሳይኖረን፣ ምሳችንን እየበላን ያንኑ ድራማ ስናይ በስምንት ወር ውስጥ ሁላችንም የክቡርነትዎን ቋንቋ እንደ አማት፣ እንደ ምራትና እንደ ቤት ሠራተኛ አድርገን ለመድነው። እርግጥ ነው፣ ሳሙና ሲያልቅ «ያለ አንተ መኖር አልችልም» እንል ነበር፤ አንሶላ የቀደደ ሰውም «በአባቴ መቃብር እምላለሁ፣ እጄ የለበትም» ይል ነበር። ሥራው ግን አልቆመም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩትና እትዬ የምንላቸው አንጋፋዋ ባልደረባችን የቦይለሩ ግፊት መለኪያ ወደ ቀዩ መስመር ሲጠጋ አዩ። የሚሉት ቢያጡ፣ በድራማው ውስጥ ክፉዋ አማት ከፎቅ ስትመጣ የቤት ሠራተኞቹ የሚባባሉትን፣ «እሜቴ ደረጃውን እየወረዱ ነው!» የሚለውን ጮኹ። የምናውቀው ነገር ነውና እየሳቅን ተበትነን ወጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ አነጋገር የክፍላችን ሕግ ሆነ። እርሱ ከተሰማ ማንም አንሶላ አይሰበስብም፣ ጋሪ አይገፋም፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ በሩን ይዞ ይወጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተጮኾ አራቱንም ጊዜ ሁላችንም በሰላም ወጥተናል።

ክቡርነትዎ ግን ከድራማ የሚቀዳ ንግግር የቋንቋውን ጥራት እንደሚያጎድፍ ደርሰውበት፣ ከሥራ ቦታዎች ቴሌቪዥኖች ተነሥተው በምትካቸው የሰዋስው መጻሕፍት ያሉበት ቁምሣጥን እንዲቆም አዘዙ። ቁምሣጥኑ ቆንጆ ነው፤ መስተዋት አለው፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን ያስተካክሉበታል። መጻሕፍቱ እንዳይቆሽሹ ሲባል ቁልፉ በጥበቃው እጅ ይገኛል። ጥበቃው ቁልፉን ለመስጠት በክቡርነትዎ ቋንቋ በጽሑፍ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሰዋስው ደግሞ ቁምሣጥኑ ውስጥ ነው። ለዚህ ጥንቃቄ የተመላበት አሠራር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድራማው የተቋረጠብን ታናሿ ምራት ከአማቷ ጋር ልትታረቅ እየተቃረበች ሳለ ነበር፤ እትዬ አንሶላ እያጠፉ፣ «ምን ይሆኑ እነዚያ ሰዎች?» ሲሉ እንደ ዘመድ ይጨነቁላቸዋል።

ሦስተኛ፦ ይህ ቅሬታ ስለ ፈታኟ ወይዘሮ የተጻፈ ነበር። ለእትዬ ሳነብላቸው፣ «ተው እንጂ፣ ሴትዮዋ እንጀራዋ ነው፤ ያዘዟትን ነው የጠየቀችህ» ስላሉኝ ሰርዤዋለሁ። ተራ ቁጥሩን ግን በቦታው ትቼዋለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ቁጥሩ የጎደለ ማመልከቻ እንደማይከፈት በመስኮት ተነግሮኛል።

አራተኛ፦ ስለ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

የሥራ ፈቃድ ለማሳደስ ፈተናውን በሦስት ሙከራ ማለፍ ግድ መሆኑን፣ ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት እንዳለበት ክቡርነትዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የፈረሙበት እርስዎ ነዎትና። የመጀመሪያውን ሙከራ የወደቅኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቀት ሲይዘኝ አፌ ከእኔ አስቀድሞ ይናገራል። ፈታኟ ስሜን ስትጠይቀኝ የአያቴን ስም ነገርኳት፤ ልታስተካክለኝ ስትሞክር ደግሞ «ይህን ምሥጢር ወደ መቃብር ይዤው እወርዳለሁ» አልኳት። በዚህ መሥሪያ ቤትዎን አልከስም።

በሁለተኛው ሙከራ ግን ተረጋግቼ ነበር። ወደ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት ስንደርስ ፈታኟ ሥዕል አሳየችኝ፤ ቦይለር ነው፣ የመለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ነው፣ አጠገቡ ሠራተኞች አሉ። ለባልደረቦችህ ምን ትላቸዋለህ ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ ትክክለኛውን መልስ በእርግጠኝነት የማውቅበት ጥያቄ ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «እሜቴ ደረጃውን እየወረዱ ነው!» አልኩ። ፈታኟ በሩን ዘወር ብላ አየች። ከዚያም አራት ነጥብ በሚያሰጠው ቦታ ላይ ዜሮ ጻፈች። ማለፊያው ስድሳ ሲሆን የእኔ ውጤት ሃምሳ ስምንት ሆነ።

በመመሪያው መሠረት ትክክለኛው መልስ፣ «ትኩረት! ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በአሁኑ ሰዓት የእንፋሎቱ ግፊት ከተፈቀደው መጠን በላይ በመሆኑ፣ እባካችሁ ተረጋግታችሁ በአቅራቢያችሁ በሚገኘው መውጫ በኩል አካባቢውን ለቅቃችሁ እንድትወጡ በትሕትና አሳስባለሁ» የሚል መሆኑን ከዚያ በኋላ ተረድቻለሁ። ውበቱን ማድነቅ የእኔ ድርሻ አይደለም። አባባ ቧንቧ በእጅ ሰዓታቸው ለክተውት፣ «አሥራ ስድስት ሴኮንድ፤ ቦይለሩ ጨዋ ከሆነ ያዳምጣችኋል» ብለዋል።

አምስተኛ፦ ክቡርነትዎ እኛን ስለ ጎበኙበት ማክሰኞ

ባለፈው ወር ማክሰኞ ጠዋት የመመሪያውን አፈጻጸም በዓይንዎ ለማየት ወደ ምድር ቤታችን በመውረድ ስላከበሩን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የመመሪያውን ፋይል በብብትዎ ይዘው፣ በትልቁ መተኮሻና በቦይለሩ ቧንቧ መካከል ቆመው ነበር። በቀኝዎ የቆሙት አለቃችን ናቸው። እርሳቸውን በሌሉበት «አቶ ሰርተፊኬት» እንላቸዋለን፤ በፈተናዎ ዘጠና ስድስት ያመጡና ምስክር ወረቀታቸውን ከመተኮሻው በላይ የሰቀሉ፣ እንፋሎቱ ወረቀቱን በየቀኑ ቢጠቀልልባቸውም በየቀኑ ዘርግተው የሚመልሱ ትጉህ ሰው ናቸው።

የቀስቱን መነሣት ከሁላችንም ቀድመው ያዩት አቶ ሰርተፊኬት መሆናቸውን እመሰክራለሁ። እንደ መመሪያውም ድምፃቸውን ጠርገው፣ «ትኩረት! ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በአሁኑ ሰዓት የእንፋሎቱ ግፊት» ካሉ በኋላ ቀጣዩ ጠፋባቸው። ጣታቸውን ቀና አድርገው ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ክቡርነትዎም እንዲያስታውሱ በማበረታታት መልክ ራስዎን ነቀነቁላቸው። በዚህ መካከል እትዬ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ሆነው ያንን ጩኸት ጮኹ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን በጥንቃቄ እይዛለሁ። በምድር ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰዎች ነበርን። ከሃያው መካከል ከበሩ ቀድሞ የወጣው ሰው ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ ነበር። ማንም አልተረጎመለትም፤ ማንም መውጫውን አላሳየውም። እሜቴ የሚለው ቃል ከእትዬ አፍ ወጥቶ ሳያልቅ ፋይሉን ጥሎ፣ የአንሶላ ጋሪ ዘልሎ፣ በደፉ ላይ እግሩ ወለም ብሎት እንኳ ሳይቆም ወደ ግቢው ወጣ። እኛ ይህን ጥሪ የለመድን ሰዎች እንኳ ያን ያህል ፈጣን መሆን አልቻልንም። ቧንቧው የተበጠሰው የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ነው፤ የተበጠሰውም ክቡርነትዎ ቆመውበት በነበረው ቦታ ራስጌ ላይ ነው። የሞተ የለም፣ የተቃጠለ የለም። አርባ አንሶላና የመመሪያዎ ፋይል ተቀቅለው ተገኙ።

በግቢው ውስጥ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጠው፣ እትዬ እግርዎን በእርጥብ የትራስ ልብስ ሲያስሩልዎ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ጫማዎን ይዤ ነበር። እትዬ አጋጣሚውን ማሳለፍ ስላልፈለጉ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ታናሿ ምራት ከአማቷ ታረቀች?» ብለው ጠየቁዎ። ክቡርነትዎም ሕመሙ ጥርስዎን እያስነከሰዎ፣ «አልታረቁም፤ አማትየዋ ሞታለች። ግን የውሸት ነው» አሉ። እትዬም፣ «እኔኮ ገና ስታስል ጠርጥሬ ነበር!» አሉ። በሕይወቴ በክቡርነትዎ ቋንቋ ሲካሄድ የሰማሁት ከሁሉ የሚበልጥ ጭውውት ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር እኩል የሚያስቡበት ነበር።

ስድስተኛ፦ ከሁለት ቀን በኋላ ስለደረሰኝ ደብዳቤ

ሐሙስ ዕለት ሁለት ደብዳቤዎች ወደ ክፍላችን መጡ። አንደኛው ለአቶ ሰርተፊኬት የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ ሲሆን፣ በአደጋው ጊዜ ሠራተኞችን በመመሪያው ቋንቋ በማስጠንቀቅ ሕይወት ማትረፋቸውን ይገልጻል። አቶ ሰርተፊኬት ደብዳቤውን አንብበው አልሰቀሉትም፤ ለዚህም ቢሆን አከብራቸዋለሁ። ሁለተኛው የእኔ ነው። ስለ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት ያቀረብኩት አቤቱታ ተመርምሮ፣ «የተሰጠው መልስ በሥራ ቦታ ሊያገለግል የሚችል ቋንቋ ሆኖ ባለመገኘቱ» ውድቅ መደረጉን ይነግረኛል። ከሥሩ የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። ፊርማው የእጅዎ መሆኑን አልጠራጠርም፤ እጅዎ ደህና ነበር፤ የተጎዳው እግርዎ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታ ስላልሆነ ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፈተናውን ወድቀው ወደየአገራቸው በተመለሱ ሦስት ባልደረቦቻችን ምትክ ሦስት ወጣቶች ተቀጠሩ። ድራማውን አያውቁትም፤ ቴሌቪዥኑ ከተነሣ ዓመት አልፎታል። ቀኑን ሙሉ በስልካቸው የሚሰሙት የሌላ አገር ዘፈን ነው፤ ያንን አገር አንዳቸውም አላዩትም፣ ቋንቋውን ግን እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱበት እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ባለፈው ሐሙስ ቀስቱ እንደገና ተነሣ፤ እትዬ ጮኹ፤ አሥራ ስድስታችን ወጣን። ሦስቱ ቀሩ። ከበሩ ዞሬ ሳይ አንደኛው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «የማን እሜቴ?» ይለኛል። ተመልሼ ገብቼ ሁለቱን በእጅጌያቸው ጎተትኳቸው፤ ሦስተኛውን አባባ ቧንቧ ፓምፑን በሚሰድቡበት ቋንቋ እየሰደቡ አወጡት። ያን ቀን ቀስቱ በራሱ ወረደ።

ያሰብኩት ይህን ነው፤ ስህተት ከሆነ ያርሙኝ። የብረቱን ቋንቋ ማንም ከቦይለሩ ላይ አልፋቀውም፤ የሚዘፍንበት ሰው ሲጠፋ ሰዎች ከላዩ ላይ ለጠፉበት። የክቡርነትዎን ቋንቋ ወደ እናቴ ቤት ያስገባችው አንዲት ክፉ አማት ናት፤ ከእኛ የምሳ አዳራሽ ያስወጣው ደግሞ ሌላ አገር አይደለም፤ ቁምሣጥን ነው። ሰሞኑን እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ ጎረቤታችን ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ ወጣቶቹ በሚሰሙት ዘፋኝ ስም ሰይማዋለች። በቀዩ ማስጠንቀቂያ ላይ ወጣቶቹ የለጠፉትም የዚያኑ ዘፋኝ ፎቶ ነው፤ «ከተፈቀደው መጠን በላይ» የሚለውን በጥርሱ ሸፍኖታል።

ስለዚህ ባለፈው ሰኞ በምሳ ሰዓት ሁላችን ተሰብስበን ተስማማን። ዘፈኑ «ወደ ባሕር! ወደ ባሕር!» የሚል አዝማች አለው፤ ለሦስቱ ያ ይጮኽላቸዋል። አባባ ቧንቧ አዝማቹን በሦስት ሙከራ ለመዱትና፣ «ለእኔ ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ አራተኛው ሲመጣ እናንተ ንገሩት፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉ። እትዬ ግን፣ «እሜቴን የሚያህል አይሆንም» ብለው ትንሽ አኩርፈዋል።

ልመናዬ አጭር ነው። ለጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት አራቱ ነጥቦቼ እንዲመለሱልኝ እለምናለሁ። ካልተመለሱልኝ በሚቀጥለው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ፈታኟ ፊት እቀመጣለሁ። የመመሪያውን መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ይዤዋለሁ፤ መተኮሻው ላይ ቆሜ በየቀኑ ሃያ ጊዜ እለዋለሁ። የሚያስፈራኝ መርሳቱ አይደለም። የሚያስፈራኝ ያ ሥዕል ሲወጣ፣ ቀስቱን ቀዩ ላይ ሳይ፣ አፌ ከእኔ አስቀድሞ ሰው የሚያድነውን እንዳይናገር ነው። ክቡርነትዎ በዚያ ማክሰኞ እግርዎ ከመመሪያዎ ቀድሞ እንደሄደብዎ ሰው፣ ይህን ፍርሃት ከማንም በላይ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

ቁርጭምጭሚትዎ ፈጽሞ ድኖ፣ ደረጃዎን በሰላም ወጥተው በሰላም የሚወርዱበት ዘመን እንዲበዛልዎ፣ ከታችም ሆነ ከላይ ማንም እሜቴ እንዳትመጣብዎ እየተመኘሁ፣ ሁለት ነጥብ የጎደለኝ፣ ምስጋና ግን ያልጎደለኝ፣

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከትልቁ መተኮሻ በስተግራ የሚቆመው አንሶላ ተኳሽ

ማሳሰቢያ፦ ምድር ቤታችንን ዳግመኛ ለመጎብኘት ካሰቡ፣ ጥሪው «ወደ ባሕር!» ወደሚለው እየተቀየረ መሆኑን እንዲያውቁት ይሁን። ዘፈኑን የማያውቁት ከሆነ ሾፌርዎን ይጠይቁት፤ በዚያ ማክሰኞ ግቢው ውስጥ ሲጠብቅዎ ያፏጨው የነበረው እርሱን ነው። ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በፊት ከመጡ እኔ ሁለቱንም እጮኽልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ መጥተው እኔን ካጡኝ ግን፣ አቶ ሰርተፊኬት ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርሱ ድረስ ቧንቧው ሥር ቆመው በትዕግሥት እንዲጠብቁ በትሕትና አሳስባለሁ።